ያልተፈተነ ቅጂ

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ እኔ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር በምሠራበት አንድ አነስተኛ የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የሥራችን ሁሉ ማኅደር የሆነው ዋናው ኮምፒውተር ጧት ሲከፈት እንደ ወትሮው ሳይነሣ ቀረ፤ በጥቁር ገጹ ላይም ሁለት መስመር ነጭ ጽሕፈት ብቻ ታይቶ ዝም አለ። በዚያች ሰዓት ከመካከላችን አንድም የደነገጠ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ብዙ ገንዘብ አውጥተን የገዛነው፣ በኔትወርክ ኬብል ከኮምፒውተሮቻችን ሁሉ ጋር የተያያዘው፣ ባለሙያዎቹም ናስ ብለው የሚጠሩት የመረጃ ማከማቻ ሣጥን በመደርደሪያው ላይ ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ተቀምጦ ነበርና፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የኮምፒውተሩ ሙሉ ቅጂ ወደዚያ ሣጥን እንደሚገባ ሁላችንም እናምን ነበር። ሣጥኑ ተከፍቶ ሲመረመር ግን የቅጂው ፎልደር በስሙና በቀኑ ሥርዓቱን ጠብቆ ቢገኝም፣ ውስጡ በግማሽ ተጽፎ የቀረ፣ ሊነበብም ሊመለስም የማይችል ሆነ። በመስከረም መጀመሪያ አንዷ ባልደረባችን ለራሷ ጥንቃቄ ብላ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጣ ያስቀመጠችው ባይገኝ ኖሮ፣ የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ጧት በጠፋ ነበር፤ እርሱም ተገኝቶ እንኳ የአራት ወር ገደማ ድካም ከንቱ ሆነ።

ከጠፋው ሥራ ውስጥ አንዲት እናት፣ ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው ጽፈው የተዉትን የሕይወት ታሪክ ማስታወሻ በአደራ ሰጥተውን፣ ደብዛዛውን ቀለም በብርሃን እየመረመርን በኮምፒውተር የጻፍነው ሁለት መቶ ያህል ገጽ ይገኝበታል። ደብተሩን ቀደም ብለን መልሰንላቸው ስለ ነበር እንደገና ለመለመን ወደ ቤታቸው የሄድሁት እኔ ነበርሁ። የሆነውን ሁሉ ሳልሸሽግ ስነግራቸው ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ ደብተሩን ከሣጥናቸው አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን እያበሱ፣ «መውሰዱንስ ይውሰዱት፤ ነገር ግን ቀለሙ ከዕለት ወደ ዕለት እየሄደ ነውና፣ ያን ጊዜ ያነበቡትን ሁሉ አሁን ያነቡት ይሆን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ በሦስት ገጾች ላይ የነበሩ አንዳንድ ቃላት፣ ከመጀመሪያው ንባባችን የሚያስታውሳቸው ሰው ባለመገኘቱ፣ ባዶ ቦታ ሆነው ቀርተዋል።

እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁበት ነገር ይህ ነው፤ ተከፍቶና ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጂ ተብሎ መቆጠሩ እንዲቀር፣ የዚህም ፈተና ኀላፊነት በስሙ ለሚታወቅ አንድ ሰው በጽሑፍ እንዲሰጥ እለምናለሁ። ዕቃው ስለ ተገዛ ጥንቃቄው የተፈጸመ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ እኛም እንዲሁ ነበርን።

በኋላ ተቀምጠን ስናስበው፣ የዚያ ሁሉ ጉዳት ምልክት ከዓይናችን አልተሰወረም ነበር። ዘወትር ቅዳሜ ጧት ኮምፒውተሩን አስቀድሞ የሚከፍተው ሰው በገጹ ጥግ ላይ «ባክአፑ አልተጠናቀቀም» የሚል አጭር መልእክት ያገኛል፤ ያም ሰው፣ አንድ ቀን እኔ፣ ሌላ ቀን ባልደረባዬ፣ አስቸኳይ ሥራ ይጠብቀው ስለ ነበር፣ የመልእክቱን መዝጊያ ተጭኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። እያንዳንዳችንም ሌላው ሳያየው አይቀርም ብለን በልባችን ስላሰብን፣ መልእክቱ ለሁሉም የተላከ ሆኖ ሳለ ለማንም ያልደረሰ ሆኖ ቀረ። የመጨረሻ ሰነዳችን የተረፈውም በሥራ ድርሻዋ ባልታዘዘች አንዲት ሴት የግል ትጋት መሆኑን ሳስብ፣ የሥራ መዋቅራችን ምን ያህል ባዶ እንደ ነበረ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ሙሉ ቅጂ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባል። ሰነዶችን መርጦ በፍላሽ መገልበጥ አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ ቅጂ ግን ከሰነዶቹ ጋር ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ሴቲንጉንና የይለፍ ቃሉን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ የሚያስቀምጥ፣ ዲስኩ በሞተ ጊዜ አዲስ ዲስክ ላይ ቢመለስ ኮምፒውተሩን እንደ ነበረ የሚያስነሣ ነው። ስለዚህም መጠኑ ብዙ፣ የሚፈጀው ጊዜም ረጅም፣ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመው መሰናክልም የበዛ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጠንቅ አለ፤ ይኸውም የቆየው የዊንዶውስ የባክአፕ መሣሪያ የኮምፒውተርን ሙሉ ምስል በኔትወርክ ወዳለ ፎልደር ሲልክ አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ ደርቦ ይጽፋል፤ አዲሱ በመካከል ቢቋረጥ አሮጌው ጠፍቶ፣ አዲሱም ሳይፈጸም፣ ባለቤቱ ያለ አንዳች ቅጂ ሊቀር እንደሚችል በመሣሪያው መመሪያ ውስጥ በግልጥ ተጽፏል። እኛ መመሪያውን አላነበብንም። የነሐሴውን ደኅና ቅጂ ያጠፋው የመስከረሙ ያልተፈጸመ ቅጂ ነበር፤ በእምነት የተጠባበቅነው ነገር ራሱ አሮጌውን በላው።

የኮምፒውተሩ ዲስክ ከተለወጠ በኋላ ባክአፑን እንደገና ለማስጀመር ብንሞክር፣ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ «በቂ ቦታ የለም» የሚል መልስ መጣ። እኔም ያን ጊዜ፣ ቃሉ እንደሚለው ሣጥኑ ሞልቷልና ተለቅ ያሉ ዲስኮች እንግዛ ብዬ አጥብቄ ተናገርሁ። ሊረዳን የመጣው ወጣት ባለሙያ ግን ሣጥኑን ከፍቶ ከግማሽ በላይ ባዶ መሆኑን አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ መልእክቱ ቦታ የለም ይላል እንጂ የት እንደሌለ አልተናገረም» አለኝ። ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ አለች። ምሥጢሩ እንዲህ ነው፤ ዊንዶውስ ሙሉ ቅጂ ከመውሰዱ በፊት፣ ሰው እየጻፈ ያለው ፋይል በመካከል እንዳይለዋወጥበት፣ ዲስኩ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ የሚይዝ የጥላ ቅጂ ያዘጋጃል። ለዚህም ጥላ የሚያስፈልገው ትርፍ ቦታ የሚፈለገው በሚቀዳው ዲስክ ክፍሎች ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሣበት፣ ተራው ተጠቃሚ ከቶ የማያየው አንድ ትንሽ የዲስክ ክፍል አለ፤ የዲስክ ክፍል ከ500 ሜጋባይት በታች ሲሆን ቢያንስ 50 ሜጋባይት፣ ከ500 በላይ ሲሆን ደግሞ ቢያንስ 320 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የእኛው ክፍል ከ500 ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ከውስጡ የተረፈው ግን ከመቶ እምብዛም የማይዘል ነበር። እንግዲህ በሣጥኑ ውስጥ ሺሕ ሺሕ ጊጋባይት ባዶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሥራው ሁሉ የቆመው በሌላ ወገን በጎደሉ ጥቂት ሜጋባይቶች ምክንያት ነው። ወጣቱ ያን ክፍል አስፍቶ አንድ ጊጋባይት ባደረገው ጊዜ ባክአፑ መሄድ ጀመረ፤ እኔ ልገዛ የነበረው ዲስክ ግን ቢገዛ ኖሮ ገንዘባችን ወጥቶ ችግራችን ባለበት በቀረ ነበር።

ባክአፑ መሄድ ጀመረ እንጂ አልተፈጸመም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት የታየው፣ ከመስከረም ጀምሮ ስንዘጋው የኖርነው ያው የቀድሞው መልእክት ነበር፤ የፊተኛው ሕመም ተሽሮ ሥር የሰደደው ተገለጠ። ወጣቱ የማከማቻውን መዝገብ ገልጦ ሲመለከት፣ ሥራው ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እንደሚቋረጥ አገኘ። ሰዓቱ ይህን ያህል የማይዛነፍ ሲሆን ምክንያቱ የሰው እጅ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የግቢውን ዘበኛ ጠየቃቸው። ሽማግሌውም፣ «እኔ ልጄ፣ ሌሊት እሳት እንዳይነሣ ብዬ በ4 ሰዓት የቢሮውን መብራት ከቆጣሪው አጠፋለሁ፤ እንዲህ አድርግ ተብዬ ነው የተቀጠርሁት» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሥራቸውን በታማኝነት ከፈጸሙ ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በዓርብ ማታ ረጅም ሥራ እንዳለን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር። እርሳቸው መብራት ማጥፋት የጀመሩት ከተቀጠሩበት ቀን አንሥቶ ሆኖ ሳለ፣ እስከ ነሐሴ ድረስ ባክአፑ እንዴት ይፈጸም ነበር? ወጣቱ በገመዶቹ መገናኛ በስዊቹ ላይ የምትበራውን ትንሽ መብራት አይቶ፣ አረንጓዴ መሆን ሲገባት ብርቱካናማ መሆኗን ካሳየኝ በኋላ፣ ተንበርክኮ ኬብሉን ከግድግዳው ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። በነሐሴ ወር ቢሮውን ስንቀባ ጠረጴዛዎቹን አዛውረን ነበርና፣ የዋናው ጠረጴዛ አንድ እግር በኬብሉ ላይ አርፎ፣ ከፕላስቲኩ ልባስ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ቆርጧት ተገኘ። በዚህ ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠምዝዘዋል፤ በሰከንድ አንድ ሺሕ ሜጋቢት የሚያልፈው አራቱም ጥንዶች ደኅና ሲሆኑ ነው። ከነርሱ አንዱ ሲጎዳ መሣሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ ግንኙነቱን ፈጽመው አያቋርጡም፤ በሁለት ጥንድ ብቻ ወደሚሄደው ወደ አንድ መቶ ሜጋቢት ዝቅ ይላሉ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ሰነዱ ይታተማል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም። የእኛ ኮምፒውተር ሙሉ ቅጂ 400 ጊጋባይት ያህል ነው፤ በደኅናው ኬብል በአንድ ሰዓት ገደማ ሲያልቅ፣ በተጎዳው ግን ዐሥር ሰዓት ይፈጃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በ2 ሰዓት ያልቅ የነበረው ሥራ፣ ሽቦዋ ከተቆረጠች ወዲህ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ሆነና፣ በ4 ሰዓት የሚጠፋው መብራት በመካከል አገኘው። በጥቂት ገንዘብ ኬብሉ ተለውጦ፣ መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ አንድ ዩፒኤስ ተጨምሮ፣ ለዘበኛውም ዓርብ ማታ የኮምፒውተሩን ክፍል እንዳያጠፉ ተነግሯቸው፣ ነገሩ ተፈጸመ።

ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት፣ የባክአፕ መሰናክል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መልእክቱ ከሚያመለክተው ቦታ ርቆ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ «እንደገና ሞክር» የሚለውን ደጋግሞ ከመጫን ይልቅ፣ ከኮምፒውተሩ ዲስክ ጀምሮ በኬብሉ፣ በስዊቹ፣ በይለፍ ቃሉ፣ በማከማቻው ፎልደር ፈቃድ፣ እስከ መብራቱ ድረስ መንገዱን ደረጃ በደረጃ መሄድ ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል የለወጠ ሠራተኛ፣ አሮጌው ቃል በባክአፑ ቀጠሮ ውስጥ ተጽፎ መኖሩን ይረሳል። ማንም ካልነካው ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዲተኛ የታዘዘ ላፕቶፕ በሥራው መካከል ያንቀላፋል። በሌሎችም ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚታይ ሌላ ምክንያት አለ፤ የድሮ ማከማቻ ሣጥኖች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩበት ኤስኤምቢ የተባለው ቋንቋ የመጀመሪያ እትሙ እጅግ አርጅቷል፤ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዚህ አሮጌ ቋንቋ ደካማ በር ገብቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ካወከ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አዲስ ሲጫን አሮጌውን ቋንቋ በከፊል ወይም ፈጽሞ ሳይዝ መጣ። ባለቤቱ ሣጥኑን ሳይነካ፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ሣጥን በኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የማይገኝ ሲሆንበት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ መሣሪያዎች ቋንቋ ተለያይተው ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌውን በር መልሶ ለመክፈት የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን የሣጥኑን ሶፍትዌር ማሻሻል፣ ይህ ካልተቻለም ሣጥኑን መለወጥ ይሻላል እላለሁ፤ ከሌባ ሊጠብቅ የቆመ ቤት በሩን ለሌባ መክፈት አይገባውምና።

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚደርሰው በእውቀትና በገንዘብ በደከሙት ላይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በጊትላብ ላይ የደረሰውን ያስታውስ። የዓለም የፕሮግራም ባለሙያዎች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት በዚህ ድርጅት፣ አንድ የደከመ ባለሙያ በሌሊት ከሁለት ሰርቨሮች አንዱን ሊያጸዳ አስቦ ትእዛዙን በዋናው ላይ ሰጠ፤ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም፣ 300 ጊጋባይት ከሚሆነው የመረጃ ቋት የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ወደ መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ሲሮጡ በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቅጂውን የሚወስደው ፕሮግራም እትሙ 9.2፣ የመረጃ ቋቱ ግን 9.6 ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሥራው በየዕለቱ ይከሽፍ ኖሯል። መክሸፉን የሚያስታውቁት ኢሜይሎችም ተገቢው ፊርማ ስለሌላቸው በተቀባዩ በኩል ሲመለሱ ቆይተዋል። ድርጅቱን ያዳነው፣ ያው ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማከብረው፣ ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ፣ አምስት የመጠባበቂያ መንገዶች ዘርግቶ አንዱም በሚገባ እንዳልሠራ ሳይቀር፣ ለሕዝብ ግልጥ አድርጎ መጻፉን ነው። የእነርሱ ያልደረሰ ኢሜይልና የእኛ ሳይነበብ የተዘጋ መልእክት በመጠን ይለያዩ እንጂ በባሕርይ አንድ ናቸው።

በአገራችን ቅጂን የመፈተን ልማድ እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊው በብራና ላይ ሲገለብጥ ኖሮ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ ሥራው ከተቀዳበት እናት መጽሐፍ ጋር ተነጻጽሮ ይታረማል፤ የተዘለለው ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ይገባል፣ የተደገመው ይፋቃል፤ በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የአራሚው እጅ ከጸሐፊው እጅ ተለይቶ ይታያል። ቅጂን በሌላ ስፍራ ማኖርም እንዲሁ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ፎቶ እያነሣ፣ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በኮሌጅቪል አኑሯል፤ ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመናቸውን ከነዚህ ፊልሞች ፊት ተቀምጠው ብዙዎቹን እየመረመሩ መግለጫቸውን ጽፈዋል። ያ ቅጂ በሣጥን ገብቶ የተቆለፈበት አልነበረም፤ እየተከፈተ ተነቧል። በኋላ ዘመን ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ብሎ ያስተማረው ሥርዓት በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። በኔትወርክ ተያይዞ ሁልጊዜ ክፍት የሆነው ማከማቻ፣ ቤዛ ጠያቂው ቫይረስ ወደ ኮምፒውተሩ በገባ ቀን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ሊቆለፍ ይችላልና፣ ከኬብሉ ተነቅሎ በሌላ ቤት የሚያድር አንድ ዲስክ ግድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሕክምና ቤቶች፣ የሰው አደራ በኮምፒውተር የሚይዝ ማንኛውም ድርጅት፣ ማከማቻ ሲገዛ ከደረሰኙ ጋር አንድ የሥራ ደብዳቤ እንዲጽፍ እመክራለሁ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ቅጂው መፈጸሙን በየሳምንቱ የሚያረጋግጠው ሰው ስሙ ይጻፍ፤ እርሱ ዕረፍት ሲወጣ ተተኪው ይጻፍ፤ በወር አንድ ቀንም ከቅጂው ጥቂት ፋይሎች ወጥተው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍተው እንዲነበቡ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉው ቅጂ በባዶ ዲስክ ላይ ተመልሶ ኮምፒውተሩ መነሣት አለመነሣቱ እንዲታይ ይታዘዝ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ግን የሥራ ሰዓት ነውና፣ አለቃው ያን ሰዓት ከሌላ ሥራ ቀንሶ ካልሰጠ በቀር ትእዛዙ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሠራተኛውን «ባክአፕ አድርግ» ብሎ ማዘዝ፣ ጊዜውንም ዕቃውንም ሳይሰጡ በመጨረሻ እርሱን መውቀስ፣ በብዙ ቦታ ያየሁት ግፍ ነው።

በእኛ ቤት ይህ ሥራ በመስከረም ቅጂዋ ላዳነችን ባልደረባችን ተሰጥቷል፤ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ከሌላ ሥራ ነጻ ሆና ትሠራበታለች። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ከማከማቻው አንድ ፋይል አውጥታ በሌላው ላፕቶፕ ላይ ከፍታ፣ ከእኔ ጋር ጥቂት መስመር እናነባለን። ባለፈው ወር ያወጣችው የዚያች እናት ባለቤት ማስታወሻ ነበር። አርባ ሰባተኛው ገጽ ተከፈተ፤ ሙሉ ነው፣ ባዶ የቀሩት ቃላትም በቦታቸው በቅንፍ ተመልክተዋል። ቀኑን በመዝገቡ ላይ ጽፋ ፈረመች፣ እኔም ከሥሩ ፈረምሁ።